ገዳዩ ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ የ45 ደቂቃ የወንጀል ድራማ ክፍል ጽፌ ለጓደኞቼ አስነበብኳቸው። አጀማመሩን ወደዱት፤ ገዳዩ ሲታወቅ ግን «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» አሉኝ። የቱ ጋ ነው የተበላሸው?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻው የሚበላሸው መጀመሪያው ላይ ነው። አንድ የስክሪፕት ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ይወስዳል። ገዳዩ መጀመሪያ የሚታይበትን ገጽ ይፈልጉ፤ ከ15ኛው ገጽ ካለፈ ተመልካቹ ሊጠረጥረው ዕድል አላገኘም። ስሙ መነሳቱ ብቻ አይበቃም። በአካል ቀርቦ፣ ከምርመራው ጋር የማይገናኝ የሚመስል የራሱን ጉዳይ ይዞ ይታይ።

ፍንጩም እንደዚያው ቀድሞ ይቀመጥ። ገዳዩ ግራኝ መሆኑ ወሳኝ ነው እንበል። ቃሉን ሰጥቶ በግራ እጁ ሲፈርም፣ በዚያው ቅጽበት በሩ ላይ የሟች እህት ከፖሊሱ ጋር ትጨቃጨቅ። ተመልካቹ እጁን አይቶታል፤ ልብ ግን አላለውም። ካሜራው እስክሪብቶው ላይ ተጠግቶ ከቆመ ግን ነገሩ እዚያው አለቀ፤ ብዙ ዳይሬክተሮች የሚስቱትም እዚህ ጋ ነው።

መርማሪው መልሱን በዲኤንኤ ውጤት ብቻ ካገኘ ወንጀሉን የፈታው ላቦራቶሪው ነው። ውጤቱ በ20ኛው ደቂቃ አካባቢ መጥቶ ንጹሑን ሰው ቢያስጠረጥር ይሻላል፤ ዲኤንኤ ሰውየው ሟች ቤት ውስጥ እንደነበረ እንጂ መቼ እንደነበረ አይናገርምና። ገዳዩ ማንም ሳያስጨንቀው ሁሉን የሚዘረግፍበት ረጅም ኑዛዜ ካለ ይሰርዙት። መርማሪው አንድ ውሸቱን ይያዝበት፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል።