መልስ፦ ወንድሜ አረቄ ሊያቆም ነው፤ ቤት ዘግተን እናስቀምጠው?

እህቴ፣ ለዓመታት በየቀኑ የጠጣን ሰው ቤት ዘግታችሁ በአንድ ጊዜ አታስቁሙት። ላብና የእጅ መንቀጥቀጥ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ሊያንዘፈዝፈው፣ በ3ኛው ቀን አካባቢ ደግሞ ሊያቃዠውና የሌለ ነገር ሊያሳየው ይችላል። ይሄ ሰውን ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ሳያቆም በፊት ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ውሰጂው፤ በየቀኑ ስንት መለኪያ እንደሚጠጣ ሳትደብቂ ንገሪያቸው፣ የመድኃኒቱ መጠን የሚወሰነው በዚያ ነውና። ዲያዜፓም የሚባል ማረጋጊያ መድኃኒት እየተቀነሰ ለጥቂት ቀናት፣ ቫይታሚን ቢ1ም አብሮ ይሰጠዋል። ዲያዜፓሙን ከፋርማሲ ገዝታችሁ ራሳችሁ እንዳትሰጡት፤ ከአረቄ ጋር ሲደረብ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል መሄዱ መልካም ነው፣ ግን እነዚህ ቀናት ይለፉ። ከዚያ በኋላ የሚከብደው ሠርግና ማኅበር ነው፤ «አንድ መለኪያ ብቻ» የሚሉትን ዘመዶች አስቀድመሽ ለብቻ አናግሪያቸው፣ ድግስ ላይም ከአጠገቡ አትራቂ።