የፊት ታርጋ ለምን? ዳሽቦርድ ላይ ማስቀመጥስ ይበቃል?

አብሽር ወንድሜ። «የኋላው ካለ የፊቱ ለምን ይገደዳል? ብሎኑ ስለወለቀ ዳሽቦርድ ላይ ባስቀምጠውስ?» ላልከው፣ መገደዱ ትክክል ነው። በኮምቦልቻና በደሴ መሃል ያለው ሐረጎ ኩርባ ላይ መስመርህን ይዞ የሚመጣብህን መኪና የምታየው ከፊቱ ነው። የጭነት መኪና የኋላ ታርጋ ደግሞ በክረምት ጭቃ ወይም በተንጠለጠለ ሸራ ይሸፈናል፤ ገጭቶ ያመለጠን ለመለየት የፊቱ ብቻ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

ዳሽቦርድ ላይ አይሆንም። መስታወቱ ስለሚያንጸባርቅ ከውጭ አይነበብም፤ ይባስ ብሎ በተሳፋሪው በኩል ኤርባግ ቢፈነዳ ቆርቆሮው ፊት ላይ ይወረወራል።

6 ሚሊ ውፍረትና 20 ሚሊ ርዝመት ያላቸው የማይዝጉ ሁለት ብሎኖች፣ ሰፋፊ ሮንዴላዎች፣ የጎማ ሮንዴላና ናይለን ያለው ዳዶ ግዛ። ፓራውልቱ (የመኪናው የፊት መከላከያ) ቀዳዳ ከሌለው (ከአሜሪካ የመጡ አንዳንዶቹ የላቸውም፣ እዚያ የፊት ታርጋ የማያስገድዱ ግዛቶች አሉና) መጀመሪያ ከጀርባው የመብራት ሽቦ አለመኖሩን እይ፤ ከዚያ በ3 ሚሊ ጀምረህ በ6.5 ሚሊ ብሳ። ታርጋውን ራሱን ግን ሌላ ቦታ አትብሳው።

የጎማ ሮንዴላው በታርጋውና በፓራውልቱ መሃል ይግባ። ያለሱ ቆርቆሮው እየተንቀጠቀጠ በቀዳዳው ዙሪያ ይሰነጠቅና መንገድ ላይ ይወድቃል። በ10 ቁልፍ አጥብቅ፤ ጎማው ትንሽ ሲጨመቅ አቁም፣ ከዚያ ካለፈ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል።

የራዲያተሩን አየር ማስገቢያ እንዳትሸፍነው አደራ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ጭነህ ስትወጣ ሞተሩ ያለዚያም ይሞቃል።