ለጊኒ ፒግ ጎመንና ቆስጣ ይሰጣል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ለ9 ዓመቷ ልጄ ሁለት ጊኒ ፒጎች (አይጥ መሰል ትናንሽ የቤት እንስሳት) ገዝተንላታል። ጎመንና ቆስጣ ስከትፍ የሚተርፈውን እሰጣቸዋለሁ፤ በጣም ይወዱታል። ልጄ ደግሞ ካሮትና ፖም ታበላቸዋለች፤ አንዳንዴም እንጀራ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የአንደኛዋ ዓይነ ምድር ለስልሷል። መብላቷን ግን አልተወችም። ጎረቤቴ ልጄ ታማ ከነበረ ጊዜ የተረፈውን የአሞክሲሲሊን ሽሮፕ ትንሽ ጠብ አድርጊላት አለችኝ። ልስጣት? ከጓዳችንስ የትኛው ይስማማቸዋል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሽሮፑን በፍጹም እንዳይሰጧት። አሞክሲሲሊን፣ አምፒሲሊንና ሌሎቹ የፔኒሲሊን ዘሮች በአፍ ሲሰጡ ጊኒ ፒግን ሊገድሉ ይችላሉ። የእነዚህ እንስሳት አንጀት ሥራውን የሚሠራው በጠቃሚ ባክቴሪያዎች ነው። መድኃኒቱ እነሱን ይጨርሳቸውና ክሎስትሪዲየም የሚባሉት፣ መርዝ የሚያመነጩት ባክቴሪያዎች ቦታውን ይይዙታል። ከዚያ በኋላ እንስሳዋን ማትረፍ በጣም ከባድ ነው። ጎረቤትዎ ለደግ ብለው ነው የመከሩዎት፤ ለሰው ልጅ የሚስማማው ለእነሱ እንደማይሆን ብዙ ሰው አያውቅም። ምናልባት አስቀድመው ሰጥተዋት ከሆነ፣ ምልክት እስኪታይ ሳይጠብቁ ዛሬውኑ የእንስሳት ሐኪም ጋ ይውሰዷት።

ካልሰጧት፣ ዓይነ ምድሯም ለስለስ አለ እንጂ ውሃ ካልሆነ፣ እሷም ንቁ ከሆነች፣ ለአሁኑ አትክልቱንና ፍራፍሬውን ያቁሙላት። ድርቆሽ፣ ማለትም የደረቀ ሣር (የእንጀራውን ድርቆሽ አይደለም)፣ እና ንጹህ ውሃ ብቻ ያቅርቡላት። ሁለት ቀን ስለሆናት ግን ነገ መሻሻል ካላዩ ለሐኪም ያሳዩዋት።

አሁን ወደ ጓዳው እንግባ። በደብዳቤዎ ውስጥ ስለ ድርቆሽ አንድም ቃል አላየሁም፤ ያሳሰበኝም ይህ ነው። ጊኒ ፒግ ዘሩ ከደቡብ አሜሪካ፣ ከአንዲስ ተራሮች አካባቢ የመጣ ሣር በሊታ እንስሳ ነው። ዋና ምግቡ ቲሞቲ ወይም ኦርቻርድ ግራስ የሚባለው ድርቆሽ ነው፤ ቀንም ሌሊትም ከፊቱ መጥፋት የለበትም። ጥርሳቸው ዕድሜ ልክ ያድጋል። ድርቆሽ ሲያኝኩ ነው የሚሞረደው። አንጀታቸውም ሳያቋርጥ የሚንቀሳቀሰው በድርቆሹ ጭረት ነው። አልፋልፋ የሚባለው ድርቆሽ ግን ካልሲየም ስለሚበዛበት ከ6 ወር በታች ላሉትና ለእርጉዞች እንጂ ለአዋቂዎች አይሆንም።

ታዲያ አትክልቱ ለምን ያስፈልጋል? ጊኒ ፒግ እንደ እኛ እንደ ሰዎች ቫይታሚን ሲ በሰውነቱ መሥራት አይችልም። በየቀኑ ከምግብ ማግኘት አለበት። አንድ ኪሎ ለሚመዝን አዋቂ በቀን ከ10 እስከ 30 ሚሊግራም ያስፈልገዋል። ካጣ ስከርቪ ይይዘዋል፦ ፀጉሩ ይሻክራል፣ መገጣጠሚያው ያብጣል፣ መራመድ ያመዋል፣ ድዱ ይደማል። ሳምንታት ብቻ ይበቃሉ። በውሃ ላይ የሚጨመረውን የቫይታሚን ጠብታ አልመክርም። ቫይታሚኑ ውሃ ውስጥ ቶሎ ይበላሻል፤ ጣዕሙን ጠልተውም ውሃ መጠጣት ሊቀንሱ ይችላሉ። ፔሌት የሚባለውን ተጨምቆ የተዘጋጀ ደረቅ መኖ ሲገዙም የተመረተበትን ቀን ይዩ፤ ከፍተው ያስቀመጡት ፔሌት ወራት ሲያልፉት ቫይታሚኑ ይሞትበታል።

ለዚህ ከሁሉ የምወደው ቀዩን ቤል ፔፐር ነው፤ የማያቃጥለውን ማለቴ ነው። 20 ግራም የምትሆን ቁራጭ 25 ሚሊግራም ያህል ቫይታሚን ሲ አላት። በዚያ ላይ ሮሜይን ሰላጣና ጥቂት የድንብላል ቅጠል ቢጨምሩ ጥሩ የዕለት ማዕድ ይሆናል። ለአንድ ጊኒ ፒግ በቀን አንድ ኩባያ ገደማ ቅጠላ ቅጠል ይበቃዋል። አይስበርግ የሚባለው ክቡ ሰላጣ ግን ከውሃ ብዙም የተለየ ጥቅም የለውም።

ጎመኑስ? ጥሬውን ይስጡ፤ በዘይትና በሽንኩርት የበሰለውን ግን በጭራሽ። ጾም ሲገባ ቤታችን ሁሉ ጎመን በጎመን ስለሚሆን ተራፊው እንደሚበዛ አውቃለሁ። ነገር ግን ጎመን ካልሲየሙ ብዙ ነው። ጊኒ ፒግ ትርፍ ካልሲየምን በሽንቱ ስለሚያስወጣ ፊኛው ውስጥ ጠጠር ሊሠራበት ይችላል። ቆስጣና ስፒናች ደግሞ ኦክሳሌት የሚባለው፣ እሱም ለጠጠር የሚያጋልጥ ንጥረ ነገር ይበዛባቸዋል። ሁሉንም በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ፣ አንድ አንድ ቅጠል ቢሰጡ አይጎዳም። ጥቅል ጎመን ሆድ ስለሚነፋ ከዚያም ያነሰ ይሁን። ሽንቱ ላይ ደም ወይም አሸዋ የመሰለ ነገር ካዩ ሐኪም ማየት አለበት።

ልጅዎን አይቆጧት። ካሮትና ፖም ስኳር ስላላቸው ነው እንጂ ክፉ አይደሉም፤ ቀጭን ቁራጭ በሳምንት አንድ ሁለቴ ትስጣቸው፣ በፖሙ መሃል ያለው ዘር ግን ይውጣ። እንጀራና ዳቦ ይቅር። ቆሎም፣ ለውዝም እንዲሁ፤ ያንቃቸዋል። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አቮካዶ፣ ድንችና የቲማቲም ቅጠል መርዝ ናቸው ብላ ትያዝ። የቲማቲሙ የበሰለ ፍሬ ግን በጥቂቱ ይሆናል።

አዲስ ነገር ሲያስጀምሯቸው አንድ በአንድ፣ በትንሹ፣ ጥቂት ቀናት እያዩ ይሁን። የአንደኛዋ ሆድ የተረበሸውም ብዙ ዓይነት በአንዴ ስለገባባት ይመስለኛል። አጥበው ይስጡ፤ ሳይበሉት የቀረውን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያንሱ። ከጓሮ ሣር የሚያጭዱ ከሆነ መድኃኒት ያልተረጨበት ይሁን። በሳር ማጨጃ ማሽን የተቆረጠውን ግን አይስጡ፤ ተከምሮ ቶሎ ይሞቅና ይብላላል።

በሳምንት አንድ ቀን በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝኗቸው፤ ክብደት መቀነስ ከሌሎቹ ምልክቶች ቀድሞ ይታያል። ለግማሽ ቀን ምንም ካልበላች፣ ዓይነ ምድሯ ከቆመ ወይም ውሃ ከሆነ፣ ሆዷም ከተነፋ፣ ለነገ አይባልም። ከመሄድዎ በፊት ይደውሉና ጊኒ ፒግ የሚያክም ሐኪም መኖሩን ይጠይቁ፤ ሁሉም የውሻና የድመት ሐኪም አያያቸውም። ሲሄዱም ሁለቱንም አብረው ይውሰዱ፣ ድርቆሽም ይያዙላቸው። ጓደኛዋ አጠገቧ ስትሆን ትረጋጋለች፤ መንገድ ላይም መብላቷን አትተውም።