የኋላ ጎማህ እንደ ወፍጮ ካጉረመረመ

ከቡሬ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ጥያቄህን ለሌላውም አንባቢ ባጭሩ ልድገመው። ያገለገለ የአስፋልት ሳይክል ባህር ዳር ገዝተሃል። ክረምቱን ሙሉ ነዳኸው። መስከረም ላይ ጭቃውን ለማስለቀቅ ላቫጆ ወስደህ በግፊት ውኃ አሳጠብከው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የኋላው ጎማ «ግርርር» ማለት ጀመረ። ወደ እንጅባራ የሚወስደውን ዳገት ብድግ ብለህ ስትረግጥ ፍሬኑ ቸርኬውን ይነካካል። ሁለት ጠጋኝ ጋ ሄድክ። አንዱ ሽቦ ወጠረልህ። ሌላው ከፈታው በኋላ ግራሶ ለቅልቆ ገጠመው። ሁለት ቀን ዝም አለና ባሰበት። «ጋሼ፣ ቸርኬው ተጣሞ ይሆን? እቤት ልሠራው እችላለሁ?» ነው ያልከው።

ቸርኬው አይደለም። ላቫጆ የምትለዋን ቃል ሳነብ ነው ነገሩ የገባኝ። ኩሽኔታህ፣ ጎማው በመሃሉ እንዲዞር የሚያደርገው ባለ ብይ ቀለበት፣ አልቋል።

የተጣመመ ቸርኬ ጎማው በዞረ ቁጥር እዚያችው ቦታ ላይ ነው ፍሬኑን የሚነካው። ያንተ ግን ስታጋድል ብቻ ነው የሚነካው፣ ያውም ዙሪያውን። ለማረጋገጥ ሳይክሉን አቁመውና ቸርኬውን ይዘህ ወደ ግራና ቀኝ ወዝውዘው። ቅጭል ቅጭል ካለ መሃሉ ላልቷል ማለት ነው። ከዚያ ጎማውን አሽከርክረህ ከኮርቻው ሥር የሚወርደውን ቀጭን ብረት በጣትህ ንካው። ጣትህ ላይ አሸዋ እንደሚፈጭ ነገር ይሰማሃል። ድምፁ ፔዳል ሳትረግጥም አይጠፋም ብለሃል፤ ጥሩ አድርገህ አስተውለሃል። ሳትረግጥም የሚያጉረመርመው በሞዞው፣ በጎማው መሃል ሽቦዎቹ በሚሰኩበት እንብርት፣ ውስጥ ያለው ኩሽኔታ ነው። ስትረግጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፔዳሉን ወይም የካሴቱን (የኋላ ጥርሶቹን) ተሸካሚ እጠረጥር ነበር።

የኩሽኔታው ላስቲክ አቧራና ፍንጣቂ ይከለክላል እንጂ የላቫጆ ግፊት አይችልም። ውኃው ይገባል፣ መውጫ ግን ያጣል። ግራሶው እንደ አጓት ይነጣና ዝገት ይጀምራል። ሳይክል በባልዲና በጨርቅ ይታጠባል፣ በቃ።

መፍቻ ሳትይዝ በፊት አንድ ነገር ስማኝ። ሞዞውን በቤንዚን አትጠብ። እኛ አገር ቤንዚን በሃይላንድ ገዝቶ በረንዳ ላይ ዕቃ ማጠብ እንደ ቀላል ነገር ሆኗል። እኔም ልጅ እያለሁ አድርጌዋለሁ። ሳህኑን ደጃፍ ላይ አስቀምጬ፣ አራት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ቡና ይቆላል። የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል፣ መሬት ለመሬት ነው የሚሳበው። እሳቱ ከከሰሉ ተነስቶ ወደኔ ሲመጣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። የአንድ እጄ ጸጉርና ቅንድቤ ሄደ፤ ዓይኔ ስለተረፈ ተመስገን ነው። ላምባ ወይም ናፍጣ ተጠቀም፣ ደጅ ላይ፣ ከከሰል ርቀህ።

አሁን ወደ ፎቶህ። ክዳኑን አውልቀህ ባነሳኸው ላይ በኩሽኔታው ዙሪያ አንድ የሚያብለጨልጭ ነገር አየሁ። ዝገት መስሎህ ይሆናል። የለስላሳ ቆርቆሮ ቁራጭ ነው! አንዱ ጠጋኝ ኩሽኔታው በመቀመጫው ውስጥ ላላ ሲልበት ቆርቆሮ ጠቅልሎ አስገብቶበታል። እንዲህ ዓይነት ሥራ ሳይ ደሜ ይፈላል። ቆርቆሮው አንዱን ጎን ብቻ ስለሚሞላ ኩሽኔታው ተንጋዶ ይቀመጣል። ተንጋዶ የተቀመጠ ኩሽኔታ፣ አዲስም ቢሆን፣ ዕድሜ የለውም። ላስቲኩንም በካቻቢቴ ገልብጦ የመኪና ግራሶ ጠቅጥቆበታል፤ ጠርዙ ተቆልምሞ ይታያል። የዛገ ኩሽኔታ በግራሶ አይድንም። ድምፁን ለሁለት ቀን ያፍነዋል እንጂ።

ኩሽኔታ ለመግዛት የሳይክል ስም አያስፈልግህም፣ ቁጥሩን አንብብ። ላስቲኩ ወይም የቀለበቱ ጠርዝ ላይ ተጽፏል። የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች የውስጡን ቀዳዳ ይነግሩሃል፤ 00 ማለት 10 ሚሊ ሜትር፣ 01 ማለት 12፣ 02 ማለት 15፣ 03 ማለት 17 ነው። 6902 ከሆነ ቀዳዳው 15፣ ውጭው 28፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው። 6802 ቀዳዳው ያው 15 ነው፣ ውጭው ግን 24፣ ውፍረቱ 5። 6001 ደግሞ 12 በ28 በ8። ስለዚህ «የሳይክል ኩሽኔታ ስጠኝ» ብለህ እንዳትሄድ። ቁጥሩ ጠፍቶ ከሆነ በካሊፐር ለካና ሦስቱን ልክ ይዘህ ሂድ። ግራና ቀኙ የተለያየ ቁጥር ሊሆን ስለሚችል ሁለቱንም እይ። የሳይክል ዕቃ ሻጭ ባይኖረው የሞተር ጠምጣሚ ወይም የወፍጮ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ሊኖረው ይችላል።

ከቁጥሩ በኋላ 2አርኤስ (2RS) የሚል ይኑረው፤ በሁለቱም በኩል ላስቲክ አለው ማለት ነው። ዜድዜድ (ZZ) የሚለው የብረት ክዳን ነው፤ ለደረቅ ቦታ ይሆናል፣ ለጎጃም ክረምት ግን አይሆንም። ርካሹን ደግሞ ተወው። በታወቀ ስም ታሽጎ ሲከፈት ጽሑፉ በጥፍር የሚፋቅ ኩሽኔታ ስንቱን አይቻለሁ። በጣትህ ስታዞረው ገና አዲሱ የሚንኳኳ ከሆነ ለሻጩ መልስለት። ጎማውን ፈትቶ መግጠሙ ግማሽ ቀን ይወስድብሃል፤ በርካሽ ዕቃ ምክንያት በሁለት ወር መድገም ምን ማለት ነው?

መፍታቱ ላይ ብዙ አላወራም። ጎማውን አውጣ። የፔርኖውን፣ በሞዞው መሃል የሚያልፈውን ዘንግ፣ የጫፍ ክዳኖች ንቀል፤ አንዳንዱ በእጅ ይወጣል፣ አንዳንዱ በ5 ቁጥር ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ። ቀጥሎ የካሴቱ ተሸካሚ በቀስታ ይሳባል። ይህን ሰፌድ ላይ አድርገው፣ ከእናትህ ተበደር። ውስጡ ትንንሽ የብረት ምላሶች በጭራሮ ስንጥር በሚያክሉ ሞላዎች ተወጥረው ተቀምጠዋል። አንዷ ከፈነጠረች ሣር ውስጥ ስትፈልጋት ነው የምትመሸው።

ፔርኖውን በፕላስቲክ መዶሻ ወይም እንጨት አስደግፈህ ምታው። ከአንዱ ኩሽኔታ ጋር ይወጣል። ሌላውን ከውስጥ በኩል ጫፉ ጠፍጣፋ በሆነ ረጅም ብረት፣ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች፣ ዙሪያውን እያፈራረቅህ አስወጣ። መነጽር አድርግ፤ የኩሽኔታ ብረት ጠንካራ ስለሆነ ሲመታ ይሸረፋል። ቆርቆሮውን ልቀም። ከዚያ መቀመጫውን በላምባ እጠብ። ቤንዚን አላልኩም። እናትህ ቡና እያፈላች ከሆነ እስክትጨርስ ጠብቅ።

መግጠሙ ላይ ነው እንግዲህ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው፣ እኔም ብዙ የማወራው። ኩሽኔታ ማለት ሁለት የብረት ቀለበት ነው፣ አንዱ በሌላው ውስጥ። በመሃላቸው ብዮች አሉ። ብዮቹ የሚሮጡበት ቦይ አለ፤ እያንዳንዷ ብይ ቦዩን የምትነካው ግን በመርፌ ጫፍ በምታክል ቦታ ነው። ኩሽኔታውን ሞዞው ውስጥ ስታስገባ አልገባም የሚለው ውጨኛው ቀለበት ነው። አንተ ግን ውስጠኛውን ብትመታ ጉልበቱ ወደ ውጨኛው የሚደርሰው በብዮቹ በኩል ብቻ ነው። ሌላ መንገድ የለውም። የመዶሻህ ጉልበት ሁሉ በእነዚያ የመርፌ ጫፎች ላይ ይወርዳል ማለት ነው።

ለእህቴ ሰርግ ዋዜማ እናቴ ቤቱን በእበት ለቅልቃ ገና ሳይደርቅ አባቴ በባዶ እግሩ ገብቶ ወጣ። ከባድ ሰው ነው፣ ግን ምልክቱ እምብዛም አይታይም። ቀጥሎ እህቴ ባለ ተረከዝ ጫማዋን ልትሞክር ገባች። የአባቴ ግማሽ አትመዝንም። ቤቱን ወንፊት አደረገችው! ኩሽኔታም እንዲሁ ነው። ዋናው የጉልበቱ ብዛት ሳይሆን በምን ያህል ቦታ ላይ እንደሚያርፍ ነው። ብዮቹ ቦዩ ላይ ሰረጉድ ያወጣሉ፤ በዓይን አይታይም፣ በጣት ግን ይታወቃል። ቀስ ብለህ ስታዞረው ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ስትነዳ የኋላ ጎማህ በደቂቃ 200 ጊዜ ያህል ይዞራል። ብዮቹ እነዚያ ጉድጓዶች ውስጥ ስንቴ እንደሚወድቁና እንደሚወጡ አስበው። ጉድጓዱ ይሰፋል፣ ብረቱ ይላጣል፣ ግርርሩ ይመጣል። ሰውየው ግን «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ብሎ ሻጩን ይረግማል። ገዳዩ ራሱ ነው፣ በመጀመሪያው ቀን።

ስለዚህ ሞዞ ውስጥ ስታስገባ ውጨኛውን ቀለበት ግፋ። ፔርኖ ላይ ስታስገባ ውስጠኛውን ግፋ። ሁለቱ ባንድ ላይ ከሆኑ ሁለቱንም እኩል ግፋ። አሮጌውን ስታወጣስ? እሱ ለመጣል ነው፣ የፈለግከውን ምታ።

መዶሻውን አስቀምጥና ጥርስ ያለው ባለ 10 ሚሊ ዘንግ፣ ሁለት ዳዶና ወፍራም ሮንዴላዎች ፈልግ፤ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ታገኛለህ። መግፊያ እንዲሆንህ አሮጌውን ኩሽኔታ ውጨኛውን ጠርዝ በግራይንደር ትንሽ አሳንሰው፤ ካላሳነስከው አብሮ ገብቶ ይቀረቀርብሃል። ውጨኛውን ቀለበት በልኩ የሚገፋ ቡሶላም ይሆናል። መቀመጫውን ስስ ግራሶ ቀባና ኩሽኔታውን ቀጥ አድርገህ ዳዶውን በሩብ ዙር እያጠበቅህ ሳበው። ከተንጋደደ አታስገድደው፣ አውጥተህ እንደገና ጀምር። ጥግ ሲይዝ ዳዶው ድንገት ይከብድሃል፤ እዚያ ላይ አቁም።

ከዚያ ፔርኖውን አስገባና ሁለተኛውን ኩሽኔታ በሌላው በኩል። እዚህ ላይ ሁለቱንም ቀለበት እኩል ግፋ። ጥንቃቄ፣ ፔርኖው ትከሻ አለው። ኩሽኔታው ትከሻውን ካገኘው በኋላ አሁንም ብትስበው ሁለቱ ኩሽኔታዎች በመሃላቸው ተጨናንቀው ይታፈናሉ። በየመሃሉ እያቆምክ ፔርኖውን በጣትህ አዙረው። እንደ ቅቤ ሲዞርና ሳይንቀሳቀስ ሲቀር ጨርሰሃል። ከከበደህ ፔርኖውን ከወዲያ በኩል በእንጨት አንዴ ቀስ አድርገህ ንካው፣ ይለቃል።

አዲሱ ኩሽኔታ በጣት ግፊት ብቻ ዘው ብሎ ከገባ ግን ቆርቆሮው መቀመጫውን አስፍቶታል ማለት ነው። ትንሽ ከሆነ ለኩሽኔታ የሚሆን ሎክታይት የሚባል ማጣበቂያ አለ፤ ለዚህ ግራሶውን ጥረግና መቀመጫውን ፍጹም አድርቅ። ለማድረቅ ብለህ ቤንዚን እንዳታመጣብኝ! ብዙ ከሰፋ ግን ሞዞው ራሱ ይቀየራል፤ በዚህ ላይ አላባብልህም።

ምናልባት ስትፈታው የታሸገ ኩሽኔታ ሳይሆን ልቅ ብዮች ብታገኝ አትደንግጥ፣ አሠራሩ ሌላ ስለሆነ ነው። በብዙዎቹ የኋላው በየጎኑ 9፣ የሩብ ኢንች ብዮች አሉት። ሁሉንም ባንዴ ቀይር፣ አሮጌና አዲስ አታደባልቅ።

በካሴቱ ተሸካሚ ውስጥ ያሉት ምላሶች ላይ ወፍራም ግራሶ አትቀባ። ብርድ ሲሆን ይጣበቁና ፔዳሉ በባዶ ይዞራል፤ ዳገት ላይ ቆመህ ሳለ ከሆነ በአገጭህ ነው የምታርፈው። ቀጭን ዘይት ጠብ አድርግባቸው፣ ይበቃል። ሽቦዎቹን ግን ያ ሰውዬ ያለ ምክንያት ስለወጠራቸው ኩሽኔታውን ከጨረስክ በኋላ ቸርኬውን ማስተካከል ሊያስፈልግህ ይችላል። ቅደም ተከተሉን አትገልብጥ፣ መሃሉ እየተወዛወዘ ቸርኬ አይቃናም።

የፊቱንም ልቀይረው ወይ ላልከው፣ ወዝውዘው፣ በጣትህም አዙረው። ካልተንቀሳቀሰና ካልተንኳኳ አትንካው። ላቫጆ ግን ዳግመኛ እንዳትወስደው።