ሰገሌን ለማስጎብኘት፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለገጣፎ በሚገኝ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር ነኝ። 60 የሚሆኑ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን ጥቅምት 17፣ የ1909ኙ የሰገሌ ጦርነት በተካሄደበት ዕለት፣ ሰገሌ ይዤ ለመሄድ አስቤያለሁ። ርእሰ መምህራችን ግን «ባዶ ሜዳ ለማየት ይህን ሁሉ ወጪ?» ብለውኛል። ምን ላዘጋጅ? ምንስ ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ርእሰ መምህርዎ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። የሚታየው ማሳና የግጦሽ ሣር ነው፤ ልጆቹ ምን ሊያዩ እንደመጡ ሳያውቁ ከወረዱ በሩብ ሰዓት ውስጥ ኳስ ያወጣሉ። ስለዚህ ታሪኩ ክፍል ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ሁለት ክፍለ ጊዜ ይበቃል። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን መውረዳቸው ታወጀ። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር አስከትተው ወደ ሸዋ ዘመቱ፤ ጥቅምት 9 ቀን ቶራ መስክ ላይ የሸዋውን የራስ ልዑል ሰገድን ጦር ደመሰሱ፤ ራስ ልዑል ሰገድም እዚያው ወደቁ። ሰገሌ ላይ ተዋግተው የተሸነፉት ግን ጥቅምት 17 ነው። በመካከሉ ስምንት ቀን አለ። ቶራ መስክ ላይ ያሸነፈው ጦር ለምን ወዲያው አዲስ አበባ አልገሰገሰም? የሸዋን ጦር የመሩት የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስስ ቀኖቹን በምን ተጠቀሙባቸው? ልጆቹ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ይዘው ይሂዱ። ከኢንተርኔት የሚወርድ ጽሑፍ ካደሏቸው ደግሞ ዓመቱን ያርሙ፤ «1916» የሚለው በፈረንጅ ነው፤ ካልታረመ ግማሹ ክፍል ጦርነቱን የቅርብ ጊዜ አድርጎት ያርፋል።

ቀኑን ግን ይለውጡት። ጥቅምት አጋማሽ ላይ በዚያ ደጋ ገብሱም ስንዴውም ገና ማሳ ላይ ነው፤ 60 ልጅ ደግሞ በድንበር ላይ ተሰልፎ አይሄድም። ገበሬው ቢቆጣ እውነት አለው። መሬቱ ዋልካ ስለሆነም ዘግይቶ የጣለ ዝናብ መኪና ይይዛል። ጥር ይሻላል፦ እህሉ ተሰብስቧል፣ መሬቱ ደርቋል። ለጠዋቱ ብርድ ሹራብ፣ ለቀትሩ ፀሐይ ኮፍያ ያሲዟቸው።

ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት ራስዎ ሄደው ቅኝት ያድርጉ። ከደብረ ብርሃን መንገድ የሚታጠፉበትን ቦታ፣ አውቶቡሱ አስፋልቱ ዳር የት እንደሚቆም፣ ከዚያ ሜዳው ድረስ በልጅ እርምጃ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ይመዝግቡ። ሾፌሩ «ያስገባል» ቢልዎትም አይስሙት፤ በእግር ይሂዱ። ቦታውን የሚያሳይዎትን ሽማግሌ በቀበሌው በኩል ይጠይቁ፤ የባለ ማሳዎቹንም ፈቃድ ያኔውኑ ይጨርሱ። የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ለወረዳው አስተዳደር፣ ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱና ለፖሊስ በቅጂ ይድረስ። የመንገዱን ሰላም በዋዜማው ደውለው ያረጋግጡ። ካላማረ ጃንሜዳ አለ፤ የተማረኩት ንጉሥ ሚካኤል በድል ሰልፉ የቀረቡት እዚያ ነው፣ ትምህርቱም አይባክንም።

ሜዳው ላይ ንግግር አያብዙ፤ ነፋሱ ድምፅ ይወስዳል። አራት ቡድን ያድርጓቸው፣ ለየቡድኑ አንድ መምህር። ከሁሉ የሚሠራው መልመጃ ይህ ነው፦ 50 ሜትር ገመድ ይዘው ከፍ ካለ ቦታ ስምንት ጊዜ ይለኩ፤ በየ100 ሜትሩ አንድ ልጅ ይቁም። 400 ሜትር ላይ ያለው ጓደኛቸው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው ባነሡት አውራ ጣት ጥፍር ሥር ሲጠፋ፣ ሜዳ ላይ ጠመንጃ ታጥቆ መጋጠም ምን ማለት እንደሆነ ይገባቸዋል።

«የሸዋ ወገን፣ የወሎ ወገን» ብለው ልጆቹን በትውልድ ቦታ ከፍለው ድራማ እንዳያሠሩ። የሁለቱም ወገን የልጅ ልጆች አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሊሆን ይችላል። ድርሻው በዕጣ ይሁን። ቀለህ ወይም አጥንት ያገኘ ልጅ ሳይነካ መምህሩን ይጥራ፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ለሚመለከተው አካል ይነገራል እንጂ ኪስ አይገባም።

መኪናውን በተመለከተ፦ ቦሎውንና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱን፣ ስኮርት ጎማውንና ክሪኩን በዓይንዎ ይዩ። በአንድ ወንበር ሦስት ልጅ አይጫን። ጠዋት 1 ሰዓት ወጥተው ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ይመለሱ። ለእያንዳንዱ ልጅ 1 ሊትር ተኩል ውኃ፣ ዳቦና ቆሎ ይበቃል። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ምግቡ የጾም ይሁን። የሚረሳው መጸዳጃ ቤት ነው፤ መንገድ ላይ ካለ አንድ ትምህርት ቤት ጋር ቀድመው ይነጋገሩ፤ አለበለዚያ ሴቶቹ ልጆች ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጡ ይውላሉ።

ጥያቄ፦ ልጄ መኪና ያጥወለውላታል፤ እንዲህ ላለ ጉዞ ልላካት? (ከለገዳዲ፣ ወላጅ)

መልስ፦ ይላኳት። ቁርሷ ቀለል ያለ ይሁን፣ ባዶ ሆዷን ግን አትውጣ። ከፊት በኩል ተቀምጣ አሻግራ መንገዱን ትይ፤ ስልክና መጽሐፍ ማየት ያብስባታል። መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ፋርማሲስቱ ለዕድሜዋ የነገረዎትን መጠን ከመሳፈሯ ግማሽ ሰዓት በፊት ይስጧት፤ የመመለሻውንም ለመምህሯ ጽፈው ያስረክቡ። ሁለት ፌስታል ቦርሳዋ ውስጥ ይጨምሩ።