ጓሮው ወጡን፣ ገበሬው እንጀራውን

ውድ ልጆቼ፣

ብዙዎቻችሁ አንድ ጥያቄ ትጠይቁኛላችሁ፦ ከተማ ውስጥ እየኖርን፣ ባለችን ጠባብ ግቢ እያመረትን፣ የገበያ እጅ ሳናይ መኖር እንችላለን ወይ? ጥያቄው ደስ ይለኛል። የኑሮ ውድነቱ እንዳስጨነቃችሁ አውቃለሁ፤ ከጭንቀቱ በስተጀርባ ግን በራሳችሁ ላብ የመኖር ፍላጎት ይታየኛል። ያ ፍላጎት በተሳሳተ ስሌት ተጀምሮ እንዳይጨናገፍ ነው ይህን የምጽፍላችሁ።

የግብርና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ሆኜ በመንዝ፣ በአንኮበርና በሞረትና ጅሩ ከገበሬ ጋር ስሠራ ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ልጆቼን ያሳደግሁት ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ከቤቱ ጀርባ መቶ ካሬ ሜትር የማትሞላ ጓሮ ባላት ግቢ ነው። መልሴ አጭር ነው። ወጣችሁን ከጓሮ ማውጣት ትችላላችሁ፤ እንጀራችሁን ግን ገበሬው ያበላችኋል። ይህን ሳይለዩ የጀመሩ ቤተሰቦች በሁለተኛው ዓመት ጓሮውን ለአረም ትተው፣ “ድሮም ከተማና እርሻ አይገናኝም” ሲሉ ሰምቻለሁ። ይገናኛሉ፤ ሒሳቡ ብቻ ይቅደም።

እስቲ አብረን እንቁጠር። በእኛ ደጋ በሄክታር 30 ኩንታል ገብስ ያገኘ ገበሬ ጎበዝ ይባላል። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው፤ ስለዚህ መቶ ካሬ ሜትር ጓሮ፣ በጎበዙ ገበሬ ልክ ብትሠሩበት እንኳን፣ 30 ኪሎ ገብስ ይሰጣችኋል። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት በቀን ሁለት ኪሎ እህል ቢበላ 30 ኪሎው በ15 ቀን ያልቃል። ዓመቱን ለመድፈን ከሰባት ኩንታል በላይ ያስፈልጋል። ያው መሬት በደህና የድንች ዘርና በደህና ብስባሽ ቢያዝ ግን፣ በሄክታር 200 ኩንታል በሚለው ስሌት ሁለት ኩንታል ድንች ይወጣዋል። ጎመን ቢተከልበት ደግሞ ቅጠሉ እየተቀነጠሰ ወራት ይበላል። ስለዚህ ጓሯችሁን ገብስና ስንዴ አትዝሩበት። ጤፉን ከጅሩ፣ ገብሱን ከመንዝ፣ በአጨዳ ማግስት ዋጋው ሲረግብ ሸምቱና ጎታ ውስጥ አስቀምጡ። ይህም ራስን መቻል ነው፤ እንዲያውም ዋናው ክፍል ይመስለኛል።

በስልካችሁ ከምታሳዩኝ ቪዲዮዎች መካከል በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያዋ ፓሳዴና ከተማ ስለሚኖር አንድ ቤተሰብ የሚናገረው አለ። እነዚህ ሰዎች አራት መቶ ካሬ ሜትር በማትሞላ የአትክልት ቦታ በዓመት ስድስት ሺህ ፓውንድ፣ በእኛ ቋንቋ 27 ኩንታል ያህል፣ አትክልትና ፍራፍሬ እንደሚያመርቱ ይናገራሉ። ሥራቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛው፣ እነርሱም ቢሆኑ ትርፉን ለምግብ ቤቶች እየሸጡ ዱቄትና ሩዝ የመሰለውን ከውጭ ይገዛሉ። ሁለተኛው፣ ፓሳዴና ውርጭ ብዙም የማያውቃት፣ ክረምት ከበጋ አትክልት የሚበቅልባት ሞቃት ከተማ ናት። እኛ ያለነው ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። የእነርሱን የተከላ መርሐ ግብር ወስዳችሁ ደብረ ብርሃን ላይ ብትተክሉ ኅዳር ያስለቅሳችኋል።

ስለ ውርጭ ትንሽ ልዘግይ፤ የደጋ ጓሮ የሚድነውም የሚጠፋውም በእርሱ ነውና። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ነፋሱ ቀጥ ብሎ ያመሸ ዕለት ተጠንቀቁ። ደመና ያለበት ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ይዞ ያድራል፤ ሰማዩ ሲጠራ ግን ሙቀቱ ወደ ላይ ይሸሻል፣ ቀዝቃዛው አየርም እንደ ውሃ ቁልቁል ወርዶ በረባዳው ቦታ ይተኛል። ስለዚህ በአንድ ግቢ ውስጥ እንኳን ከታች በኩል ያለው የድንች መደብ ጠቁሮ ሲያድር ከላይ ያለው ሊተርፍ ይችላል። ድንች፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ዱባ ውርጭ አይችሉም። ሐበሻ ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ካሮትና ቀይ ሥር ግን ይቋቋማሉ። ድንቹ በሰኔ መግቢያ ተተክሎ ውርጩ ሳይደርስ መቆፈር አለበት። ከሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት እንደ ጉዳኔና በለጠ ያሉ የድንች ዝርያዎች በክረምት ቅጠሉን የሚያጠቁረውን በሽታ ከአሮጌው ዘር በተሻለ ስለሚችሉ እነርሱን ፈልጉ። ቃሪያ ካላችሁ ደግሞ ወደ ደቡብ የዞረ የድንጋይ ግንብ ሥር አድርጉት። በበጋ ፀሐይዋ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ ድንጋዩ ቀኑን ሙሉ ሲሞቅ ይውልና ሌሊት ለተክሉ ይመልሳል። ውርጭ ሲያሰጋ በቀትር መደቡን አጠጡ፤ እርጥብ አፈር ከደረቅ ይልቅ ሙቀት ይይዛል። ፀሐይ ሳትጠልቅ በጆንያ ወይም በጭድ ሸፍኑ፣ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ግለጡ።

ቲማቲሙንስ? ከሸዋ ሮቢት ግዙት። ከጣርማ በር ዋሻ ወዲያ ያለው ቆላ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ማሾም ያበቅላል፤ እኛ ደግሞ ገብስ፣ ባቄላና በግ አለን። ደጋና ቆላ ሲለዋወጡ የኖሩት አንዱ ለአንዱ ስለሚያስፈልገው ነው። መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ሲደርስ አይተናል። እንዲያ ባለው ጊዜ የጓሮ ጎመንና ድንች ያለው ቤት ልጆቹን ያበላል። ለዚህ ብቻ እንኳን ጓሮ መያዝ ተገቢ ነው። ከክፉ ቀን መጠበቂያ ማድረግና በደህናው ቀን ከገበያ መኳረፍ ግን የተለያዩ ናቸው።

አሁን ወደ አፈሩ። ሁላችሁም በዶሮ መጀመር ትፈልጋላችሁ፤ በተለይ በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ። እኔ በብስባሽ ጀምሩ እላለሁ። በሰሜን ሸዋ ደጋ እንጨት ስለሚያጥር እናቶቻችን ኩበት አንድደው አሳድገውናል፤ አማራጭ ስላልነበራቸው አልወቅሳቸውም። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር እንደሚሄድና ማሳው እንደሚራብ ግን እወቁ። በምጣድና በማብሰያ ረገድ ሌላ አማራጭ ያላችሁ እናንተ ፍጉን ለመሬቱ መልሱለት።

ብስባሹን መስከረም መጨረሻ፣ አረሙ ገና እርጥብ ሳለ ክመሩት። ከታች አገዳና ጭድ፣ ከላዩ እርጥብ አረምና የወጥ ቤት ልጣጭ፣ ከዚያ ፍግ፣ ከዚያ ስስ አፈርና ጥቂት አመድ፤ እያንዳንዱን እያረጠባችሁ እስከ ደረታችሁ ድረስ ደራርቡ። ከዚያ ያነሰ ክምር በእኛ ብርድ አይሞቅም። በመካከሉ ረዘም ያለ በትር ሰክታችሁ ተዉት። በየሳምንቱ በትሩን ስባችሁ በእጃችሁ ጨብጡት። ሞቅ ብሎ ወዝ ካለው ክምሩ ሕያው ነው። ደርቆ ነጣ ያለ ነገር ከያዘ ውሃ ጠምቶታል። ቀዝቅዞ የሚሸት ከሆነ ውሃ በዝቶበታልና ገልብጡት፣ ደረቅ ጭድም ጨምሩበት። በቆላ በሁለትና ሦስት ወር የሚደርሰው በእኛ ከአራት ወር በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ታገሡት። የደረሰው ብስባሽ ጥቁር፣ ፍርፍር የሚል ነው፤ ሽታውም ዝናብ የነካው የጫካ አፈር ነው። የሰው፣ የውሻና የድመት ዓይነ ምድር ግን ፈጽሞ አታስገቡበት።

ውሃን በተመለከተ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ደብረ ብርሃን በዓመት 900 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ስለምታገኝ ሃምሳ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ በአሸንዳ ቢያዝ፣ የሚባክነው ተቀንሶ፣ ከ35 ሺህ ሊትር በላይ ያወርዳል። ችግሩ አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ መምጣቱ ነው፤ ሁለት ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ በጥቂት ቀን ሞልቶ ይፈስሳል። በበጋ ደግሞ አንድ ካሬ ሜትር የአትክልት መደብ በቀን አራትና አምስት ሊትር ይጠጣል። መቶውን ካሬ ላጠጣ ያለ ሰው ሮቶውን በአምስት ቀን ይጨርሳል። ስለዚህ በበጋ ጓሯችሁን አጥብቡ። ለወጥ ቤቱ የቀረበውን አሥር ካሬ ብቻ በሣርና በጭድ ጎዝጉዛችሁ ያዙ፤ አትክልት የታጠበበትንና የተለቀለቀበትን ውሃ ለእርሱ ስጡ። ከተማ አቋርጦ የሚሄድ ወንዝ ውሃ ግን ጥሬውን በሚበላ ሰላጣ ላይ አታፍስሱ።

ዶሮ ከዚህ በኋላ ይምጣ። የአንድ ቀን ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። ይህን በደብረ ብርሃን ሌሊት በከሰል ምድጃ እንሞክር ያሉ ሰዎች ጫጩቶቻቸውን ጭስ ሲፈጅባቸው አይቻለሁ። የአርባ አምስት ቀኑን ግዙ። አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 120 ግራም ያህል መኖ ትበላለች፤ አሥር ዶሮ በወር 36 ኪሎ ማለት ነው። ፍርፋሪና የጎመን ቅጠል ይህን ያቃልላል እንጂ አይተካም፤ ስለዚህ የመኖ ወጪውን ሳትጽፉ እንቁላሉን “በነጻ አገኘን” አትበሉ። ከሁሉም በላይ ፈንግልን ፍሩ። ክትባቱን በወቅቱ አስከትቡ። የዓውደ ዓመት ዶሮ ከገበያ ገዝታችሁ በቀጥታ ከቤት ዶሮ ጋር አትቀላቅሉ፤ በሽታው መንደር ለመንደር የሚዞረው በበዓል ገበያ ነው። አዲስ የመጣች ዶሮ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ። ሌሊት የሚያድሩበት ቤት ወለሉ በጭድ ይሙቅ፣ ከላይ ግን አየር ይግባው፤ በብርድ ፍራቻ የተደፈነ የዶሮ ቤት የኩሳቸው ትነት ሳንባቸውን ይጎዳል።

ላም በጠባብ ግቢ አልመክርም። አንድና ሁለት በግ ግን በሣር፣ በባቄላ ገለባና በጠላ አተላ ይቀለባሉ። ከተማችን የቢራ ፋብሪካ ስላላት የብቅል ተረፈ ምርት ይገኛል፤ እርጥቡ ቶሎ ስለሚሻግት በሁለት ቀን የምታበሉትን ያህል ብቻ አምጡ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ በእጅ የሚሠራ ነው፤ እጁ የማን ነው? ቤተሰብ “ራሱን ቻለ” ሲባል ብዙ ጊዜ የሚሆነው እናት ከጎህ በፊት ተነስታ ዶሮ አብልታ፣ መደብ አጠጥታ፣ ቁርስ ሠርታ ወደ ሥራዋ መሄዷ ነው። እንዲህ ያለውን ቤት ራሱን የቻለ አልለውም፤ አንዲት ሴት የተሸከመችው ቤት ነው። ትዳር የምትመሠርቱ ወንዶች ልጆቼ፣ ጓሮ ከመቆፈራችሁ በፊት ሥራውን ተካፈሉ። ውሃው የባል፣ ዶሮው የልጆች፣ ችግኙ የሚስት ቢሆን፣ ወይም ሌላ እንደሚመቻችሁ፣ ብቻ ስም ይኑረው። የእናንተ እንክብካቤ የሌለበትን መደብ አትክፈቱ። በእኔ ቤት የብስባሹ በትር የልጆች ነበር፤ ዛሬ ሁሉም ትልልቅ ሰዎች ሆነው ስለ አፈር ሲያወሩ እኔን አይጠይቁኝም።

የኪራይ ቤት ነው ያለኝ የምትሉም አትተዉት። አከራያችሁን አስፈቅዱና በጆንያ ብስባሽ ሞልታችሁ ቆስጣና ሰላጣ ትከሉ፤ ሥሩ የተበሳ የቀለም ቆርቆሮ ለነጭ ሽንኩርትና ለጤና አዳም ይበቃል። ስትለቁ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ።

በመጨረሻ ስለ ዘር። ነጭ ሽንኩርት ሲነቀል ትልልቁን ለወጥ፣ ትንንሹን ለዘር ማስቀረት የቆየ ልማዳችን ነው፤ ገልብጡት። ትልልቁን ራስ በጥላ አድርቃችሁ ለዘር አስቀምጡ፣ ትንንሹን ብሉ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ልዩነቱን በእጃችሁ ትመዝኑታላችሁ። ጎመን ዘር እንዲያፈራ ስትተዉት አንድ እግር ብቻ አትተዉ፤ ደህና ደህናውን ስድስትና ሰባት እግር መርጣችሁ አብረው ያብቡ፣ ዘራችሁ ከአንድ እግር ብቻ እንዳይመጣ። የድንች ዘርን ግን በየሦስትና አራት ዓመቱ ከታወቀ ዘር አባዥ ገበሬ አድሱ፤ በሽታ ከዘር ወደ ዘር ይሻገራል፣ ከላይ ሲያዩት ጤነኛ መስሎም ይቆያል።

እናታችሁ፣
ከደብረ ብርሃን