ዲጂታል ቅጂ መብትን በተግባር ማስተማር፦ ጥያቄና መልስ ከጎንደር

የዛሬው መልስ ሰጪ ጎንደር ውስጥ ጠበቃም የሕግ መምህርም የሆኑ አባላችን ናቸው።

ጀማሪ መምህርት፦ መምህር፣ የቅጂ መብት አዋጁን፣ 410/1996ን፣ አንቀጽ በአንቀጽ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ፈተናውን ያልፋሉ፤ ጉዳይ ስሰጣቸው ግን ግራ ይገባቸዋል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከባለጉዳይ ጀምሪ፣ እህቴ። አንዱን ተማሪ ፎቶ አንሺ አድርጊው። ፋሲል መዋኛ ላይ ጥምቀትን ያነሳው ፎቶ ስሙ ተቆርጦ ቴሌግራም ላይ ወጣ እንበል። ጓደኞቹ ያነጋግሩት። መቼ አነሳኸው? ከካሜራው የወጣው ፋይል አለህ? ለማን ሰጥተህ ነበር? ቀጥሎ ማስረጃ ይያዙ፦ ሊንኩ፣ ቀንና ሰዓቱ፣ የገጹ ስክሪንሾት። ከዚያ ፎቶው ከገጹ እንዲወርድ ለቴሌግራም የይነሳልኝ ማመልከቻ ይጻፉ። ሥራውንና ሊንኩን ለይተው ይጥቀሱ፣ በቅን ልቦና እንደጻፉ ያረጋግጡ፣ ይፈርሙ። የክፍሉ ግማሽ ደግሞ ለጠፊው ወገን ሆኖ መቃወሚያ ይጻፍ። ስሙ መቆረጡ የሞራል መብት፣ ማለትም በሥራው ላይ ስሙ የመጠቀስ መብት፣ ጥያቄ ነው፤ ተማሪ ሁሌ የሚረሳው ይህን ነው።

አደራ፣ ማስረጃ ሳይያዝ ማመልከቻ አይላክ። ሰውየው ፖስቱን ቢያጠፋው ምን ይዛችሁ ልትከራከሩ ነው?

የ3ኛ ዓመት ተማሪ፦ ፎቶው ካልተመዘገበስ?

መልስ፦ መብቱ አለ። ጥበቃው የሚጀምረው ሥራው ሲፈጠር ነው። ለፎቶ 25 ዓመት፣ ለመጽሐፍ የደራሲው ዕድሜና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት።

ሌላ ተማሪ፦ የመማሪያ መጽሐፍ ፒዲኤፍ በቡድናችን ብንለቅስ?

መልስ፦ አይሆንም። ለግል የሚፈቀደው አንድ ቅጂ ነው፤ እሱም ሙሉ መጽሐፍን አይጨምርም።

አባል ሀ፦ መጽሐፉ ጎንደር ገበያ ላይ የለም እኮ! ተማሪ ምን ያድርግ?

አባል ለ፦ ደራሲውስ ምን ይብላ? ሦስት ዓመት የለፋበትን በአንድ ክሊክ?

አባል ሀ፦ ዋጋውን አይተኸዋል?

መልስ፦ ይህን ለምስለ ችሎት፣ ለተማሪዎች የክርክር ልምምድ፣ አቆዩት፤ ደህና ጉዳይ ይወጣዋል። አሁን ወደ ጥያቄው።

አዲስ አባል፦ ስለ ኮፒራይት ቢያብራሩልን።

መልስ፦ ይህ ጥያቄ አይደለም። የማን ሥራ? የት ወጣ? ማን ለጠፈው?

ሌላ አባል፦ ያልተመዘገበ ዘፈንስ ይጠበቃል?

መልስ፦ ምዝገባን ከላይ መልሻለሁ። አንብበው።

ነጋዴ፦ የንግድ ምልክትስ?

መልስ፦ ዘርፌ አይደለም።

የ5ኛ ዓመት ተማሪ፦ ከነፃ የሕግ ድጋፍ እውነተኛ ጉዳይ ብንይዝስ?

መልስ፦ በጣም ጥሩ። ባለጉዳዩ ይፍቀድ፣ ስሙ በክፍል አይጠራ፣ ጠበቃ ወይም መምህር ይከታተል። ዳግም እላለሁ፣ መጀመሪያ ማስረጃ። ብቻችሁንም ማመልከቻ አትላኩ። ለምሳሌ ማመልከቻው ለዩቲዩብ ከሆነ፣ ዩቲዩብ የሚሠራበት የአሜሪካ ሕግ እያወቀ ሐሰተኛ ማመልከቻ የላከን ሰው በካሣ ያስጠይቃል።